የከሰዓት በኋላው እንቅልፍ

ጋሼ መቀስ ይሉታል። ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ሲራመድ እግሮቹ ከፈት ዘጋ ስለሚሉ ጭምር ነው የሚሉ አሉ። እሱ ስሙን ወዶትም ጠልቶትም አያውቅም፤ ሲጠሩት አቤት ይላል።

ፀጉር ቤቱ በመድኃኒት መደብርና በአንድ ጫማ ሰፊ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ። ከአባቱ የወረሳት ናት። ሰው ግን እዚያ የሚመጣው ለፀጉሩ ብቻ አልነበረም። ጋሼ መቀስ መስማት ያውቅበታል። ልጁ አልታዘዝ ያለው፣ አለቃው ያስመረረው፣ ከሚስቱ የተኳረፈው፣ ሁሉም ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ሲታሰርለት ሆዱን ይዘረግፋል። እሱ «እህ» ይላል፣ «ታዲያስ?» ይላል፣ አንዳንዴም መቀሱን አቁሞ በመስታወቱ ውስጥ ሰውየውን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ምክር አይሰጥም፤ ወሬም አያመላልስም። ቀለል ብሎት የማይወጣ ደንበኛ አልነበረም።

ሕመሙ የመጣበት እንደ ዘበት ነው። አንድ ሰሞን ግራ ጎኑን ከጀርባው እስከ ደረቱ የሚያቃጥል ሽፍታ ወጣበት። ባለቤቱ ሸሚዙን ገልጣ አየችና «አልማዝ ባለጭራ ነው፤ ተነስ ሐኪም ቤት» አለችው። ሐኪሙም ያንኑ አለ። ሽፍታው ደረቀ፣ ቅርፊቱም ረገፈ። ሕመሙ ግን አልሄደም። ሸሚዝ ሲነካው የጋለ ሽቦ የተሳበበት ያህል ይንገበገባል፤ ነፋስ እንኳ ያመዋል። ግራ ክንዱን ከጎኑ አርቆ ነው የሚሠራው። ደንበኞቹ «ጋሼ መቀስ፣ ክንፍ አወጣህ እንዴ? ልትበር ነው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ጥርሱን ነክሶ ይስቅላቸዋል።

ሲብስበት ተመልሶ ሄደ። ሐኪሙ ወጣት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ቁስሉ ድኗል። የተጎዳው ነርቩ ነው» አለው። «ቆዳዎ ደህና ሆኖ ሳለ ነርቩ አሁንም እሳት እሳት እያለ ይጮሃል ማለት ነው። ይህ እንክብል ጩኸቱን ያበርድልዎታል። ግን በተለይ መጀመሪያ አካባቢ ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ሊልዎት ይችላል። ካስቸገረዎት ይምጡና መጠኑንም ሰዓቱንም እናስተካክለዋለን። በራስዎ አይጨምሩ፣ በራስዎ አያቁሙ። መኪና ይነዳሉ?»

«እኔ የምነዳው መቀስ ነው፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ሳቅ አለ። ቀጥሎ ግን «እሱም ስለት ነው፤ ይጠንቀቁ» አለው።

መድኃኒቱ ሠራ። ውሎ አድሮ ሸሚዝ መልበስ ቻለ፤ ክንዱም ወደ ጎኑ ተመለሰ። ባለቤቱ «ፊትህ ተመለሰልኝ» አለችው። እሱም እግዜር ይስጠው ብሎ ሐኪሙን መረቀ።

እንቅልፉ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። ከምሳ በኋላ ሌላ ሰው እላዩ ላይ የተጫነ ይመስል ትከሻው ይከብዳል፤ የዓይኑ ሽፋን እንደ ድንጋይ ይጫነዋል፤ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ማዶ የሚመጣ ይመስለዋል። ቆሞ ያንጎላጃል። አንድ ቀን አንድ አስተማሪ ደንበኛው ስለ ሴት ልጁ ሲያጫውተው ቆይቶ «እህ» የሚለው ድምፅ ቢጠፋበት ቀና አለ። በመስታወቱ ውስጥ ጋሼ መቀስ መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ጋሼ መቀስ፣ እየሰማኸኝ ነው?»

«እየሰማሁ ነው።»

«ምን አልኩህ?»

ጋሼ መቀስ አንገቱን ደፍቶ ፀጉሩን መቁረጥ ቀጠለ። አስተማሪው ነገሩን በሳቅ ሊያልፈው ሞከረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ልጁ አንስቶ አያውቅም። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ወሬ መተው ጀመሩ። ተቀምጠው፣ ተስተካክለው፣ አመስግነው ይወጣሉ። ሰፈር ደግሞ ያው ሰፈር ነው፤ «መጠጥ ጀምሯል» ተባለ። ዕድሜውን ሙሉ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሆድ ባሰው፤ ለማንም ግን አላስተባበለም።

አንድ ሽማግሌ እየላጨ አንጎላጀና ምላጩ ጉንጫቸውን ሸረከታቸው። ትንሽ ጭረት ናት። ሽማግሌው «ምንም አይደል፣ የኔ ልጅ» ብለው በመሀረባቸው ጫን አድርገው ይዘው ወጡ። ጋሼ መቀስ ግን ያን ቀን ሌላ ሰው አልላጨም። በማግስቱ እንክብሉን አልዋጠም።

ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ «እንቅልፍ አስቸገረኝ» ማለት ይችል ነበር። አልሄደም። እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ ስሞታ ማቅረብ የሰነፍ ነገር መሰለው። ይልቅ የራሱን መላ አወጣ፦ ሥራ ሲበዛ ይተወዋል፣ ሕመሙ ሲያፋፍምበት ይውጠዋል። ስለዚህ ወይ ያመዋል ወይ ያንቀላፋል፤ ደህና የሚሆንበት ሰዓት ጠፋ።

አሁን ስለ ታላቅ ወንድሙ መንገር ያስፈልጋል።

ሁለቱም ሙያውን ከአባታቸው ተምረው ነበር። ታላቅየው ግን ግድግዳ ላይ አፍጥጦ መቆም አልሆነልኝም ብሎ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነና ራቅ ያለ ከተማ ኑሮውን መሠረተ። እናታቸው የታመሙት አባታቸው ካለፉ በኋላ ነው። መልእክት ተላከበት። እናትየው በር በተንቋቋ ቁጥር «መጣ?» ይሉ ነበር። ጋሼ መቀስም «መንገድ ላይ ነው፣ እማዬ» ይላቸው ነበር። እንዲህ እንዳላቸው አረፉ። ወንድሙ ለቀብሩም አልደረሰም። ከብዙ ጊዜ በኋላ መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም፣ መልእክቱ አልደረሰኝም ሊል ሲጀምር፣ ጋሼ መቀስ «ዘግይተሃል» ብሎ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ። የሁሉንም ብሶት የሚሰማ ሰው የአንድ ወንድሙን ቃል አልሰማም ብሎ እንደ ዘጋ ፀጉሩ ሸበተ።

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ መድኃኒቱን አልወሰደም ነበር፤ ያለፈውን ቀንም እንዲሁ። እኩለ ቀን ላይ ባለቤቱ ምሳውን ይዛለት ስትመጣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ አገኘችው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ዋጥከው?»

«በኋላ።»

«በኋላ የሚባል ነገር የለም። አሁን ዓይኔ እያየ ዋጥ። አንተ ሰውዬ፣ እኔን ደግሞ በቁሜ ልትገድለኝ ነው?»

ሲከፋት ድምጿ እንደሚቀጥን ያውቃል። ውሃ ቀዳና ዋጠ። እሷ የምሳውን ዕቃ ለማውጣት ዞር ስትል፣ የቀረውን ላካክስ ብሎ አንድ ጨመረ። ጥቂት በልቶ ሸኛት። ሕመሙ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

በሩ ላይ ሰው ሲቆም ደንበኛ መስሎት «ይግቡ» አለ። ሰውየው አልገባም። ከሳ ያለ፣ ኮቱ የሰፋው ሽማግሌ ነው። ጋሼ መቀስ ፊቱን ቶሎ አልለየውም፤ ያወቀው በአቋቋሙ ነው፤ እንደ አባታቸው አንዱን ትከሻ ዝቅ አድርጎ ይቆማል።

«ትሠራለህ?» አለ ወንድሙ።

ጋሼ መቀስ የተጠረገውን ወንበር እንደገና ጠረገ። በመጨረሻ «ግባ» አለው።

«ፀጉሬን ታስተካክለኛለህ?»

«ተቀመጥ።»

ጨርቁን አንገቱ ላይ ሲያስርለት እጁ ዘገየ። ያ የበሬ አንገት የሚባለው አንገት ሁለት ጅማት ብቻ ቀርቶታል። ከጆሮው ኋላ፣ ልጅ ሆነው ከዛፍ ሲወድቅ የተፈነከተበት ጠባሳ አለ፤ ጋሼ መቀስ በጣቱ ዳበሰው። ማበጠሪያውን አነሳ። ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ላይ ያስተካክለው ጀመር።

«ልቤ ነው» አለ ወንድሙ። «ደክሟል አሉኝ። እዚያ እኛ ከተማ ሆስፒታል ልተኛ ነው። ከመግባቴ በፊት አንተን ልይ ብዬ በአውቶቡስ መጣሁ። ማታውኑ እመለሳለሁ።»

«ወንድም ጋሼ…» አለ ጋሼ መቀስ። ይህን ቃል ከአፉ ካወጣው ስንት ዘመኑ። 

«ምንም አትበለኝ። እኔ ልናገር። ስለ እናታችን፣ ለምን እንዳልመጣሁ። ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ለሚስቴም። ይህን ይዤ እዚያ አልጋ ላይ መውጣት ፈራሁ።»

ጋሼ መቀስ ጨርቁን አራገፈለት።  ያ ክብደት ትከሻው ላይ መውረድ ጀምሯል። «ቆይ አንዴ» ብሎ ወደ መታጠቢያው ሄዶ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ታጠበ። ተመልሶ እንዳይወድቅ በሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ግራ ጎኑን በጡጫው ጫን፣ ጫን አደረገው፤ ሕመሙ ያንቃኝ ብሎ። ስንት ቀን የረገመው ሕመም ሲፈልገው አልመጣም። ሌላ ሰው ቤት ያለ ያህል ራቀው።

«የዚያን ቀን ጠዋት መልእክቱ ደርሶኝ ነበር» አለ ወንድሙ። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነው የሚናገረው። «አልደረሰኝም ያልኩት ውሸት ነው። ያነበብኩት ቆሜ ነው። ጭነቱን አራግፌ፣ መኪናዋን አስነስቼ ወጣሁ። እምላለሁ፣ ወጥቼ ነበር። ግማሽ መንገድ ከደረስኩ በኋላ…»

ጋሼ መቀስ የሰማው እስከዚህ ድረስ ነው።

ሲነቃ ብርሃኑ ከወለሉ ላይ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። አንገቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ተደርጎለታል። ወለሉ ተጠርጓል። የመግቢያው በር ገርበብ ብሏል። ወንድሙ የለም።

ዘሎ ወጣ። ጫማ ሰፊው ከመቀመጫው ቀና ብሎ አየው።

«ወንድሙ ነኝ ያለኝ ሰው ሄደ» አለው። «ደክሞታል፣ እባክህ ሰው እንዳይቀሰቅሰው አለኝ። ሲያለቅስ የቆየ ይመስላል፤ ፊቱ ግን ፈታ ብሏል። ምነው? ምን ሆንክ?»

ጋሼ መቀስ አልመለሰለትም። አውቶቡስ ተራው ድረስ ሄደ። መሮጥ አቃተው፤ እግሩ ገና አልነቃም። አውቶቡሱ ወጥቷል።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳለ ስልክ ተደወለለት። ቁጥሩን ወንድሙ ከፀጉር ቤቱ በር ላይ ወስዶት ኖሯል። ድምፁ ቀጭን ነው፤ በየቃሉ መሀል ትንፋሽ ይስባል።

«ሆስፒታል ገባሁ። ደህና ነኝ» አለ። «ላመሰግንህ ነው የደወልኩት።»

«ለምኑ?»

«ዝም ብለህ ስለሰማኸኝ። ትጮህብኛለህ ብዬ ነበር። ዓይንህን ጨፍነህ ስታዳምጥ ቁርጥ አባባን መሰልከኝ። ይቅር በለኝ ስልህ ራስህን ስትነቀንቅልኝ ጊዜ… በቃ፣ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደህ። አይ ወንድሜ፣ ሥራው እየገደለህ ነው። ልቀሰቅስህ አንጀቴ አልቻለም።»

ጋሼ መቀስ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ። ባለቤቱ ከወዲያ በኩል ዓይኑን ታየዋለች።

«ሰምተኸኛል አይደል?» አለ ወንድሙ። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ፍርሃት ገባ። «ሁሉንም?»

አልሰማሁም ማለት ነበረበት። መድኃኒት ወስጄ ነበር፣ ራሴ የተነቀነቀው በእንቅልፍ ነው፣ እባክህ እንደገና ንገረኝ። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። የዚያ ሰው ትንፋሽ ግን በስልኩ ውስጥ ያፏጫል፤ እንደገና ንገረኝ ተብሎ የሚታዘዝ ትንፋሽ አልነበረም።

«ሰምቻለሁ፣ ወንድም ጋሼ» አለ። «ሁሉንም።»

ስልኩን ሲዘጋ ለባለቤቱ እውነቱን ነገራት። «ነገ እሄዳለሁ» አላት። «አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት እጠይቀዋለሁ።»

በማግስቱ ማልዶ ተሳፈረ። መድኃኒቱን ሆን ብሎ አልዋጠም። አውቶቡሱ ባነጠረ ቁጥር ጎኑ እንደ እሳት ይግም ነበር፤ ልብሱን በእጁ ከቆዳው አርቆ እንደያዘ ደረሰ። ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ነቅቻለሁ ይል ነበር በልቡ።

ወንድሙ አፍና አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ጭንብል ተደርጎለታል። የወንድሙ ሚስት ከአልጋው ራስጌ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችለት። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አይናገርም። ይሰማል ግን» አለችው። ጋሼ መቀስ እጁን ያዘው። ወንድሙ ዓይኑን ከፍቶ አየው፤ ጣቶቹን ጠበቅ አደረጋቸው። ፊቱ ላይ ምንም የቀረ ጥያቄ አልነበረም። የሚጠይቀው ጋሼ መቀስ ነበር፣ እሱም ያን ፊት ሲያይ ተወው።

ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጠ። አላንጎላጀም፣ ዓይኑንም አልከደነም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ያ እጅ ላላ።

ከቀብር በኋላ የወንድሙ ሚስት ለብቻው አግኝታ አነጋገረችው።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «ካገባሁት ጀምሮ በእንቅልፍ ልቡ ይባንን ነበር። ምን ሆንክ ስለው ምንም ይለኛል። አንተ ጋ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ግን እንደ ሕፃን ተኛ። ምን እንደነገረህ አልጠይቅህም። ለኔ አልነገረኝም፤ በኔና በወንድሜ መሀል ያለ ነገር ነው አለኝ። ብቻ ስለሰማኸው እግዜር ይስጥህ።»

«አሜን» አለ ጋሼ መቀስ። ሌላ ምን ይበል?

ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቱ እጁን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ የወሰደችው። ሁሉንም ተናገረ፦ መዝለሉን፣ መደረቡን፣ ምላጩን። ስለ ወንድሙ አላነሳም። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ለምን አልመጡም? ይሄ እኮ የታወቀ ነገር ነው» አለ። «አቋርጦ መጀመሩ ነው ይበልጥ የጎዳዎት። የቀረውን ላካክስ ብሎ መደረብ ደግሞ ጭራሽ አይደረግም። ዋናውን ወደ መኝታ ሰዓት እናዛውረዋለን፤ የቀኑን እንቀንሰዋለን። እስቲ ለጥቂት ሳምንት ይሞክሩትና ይመለሱ።»

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ጋሼ መቀስ ከሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ባለቤቱ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሰው ሲያልፍ በለሆሳስ «ተወው፣ ይውጣልህ» ትለው ነበር።

መድኃኒቱ ሲስተካከል ሕመሙም እንቅልፉም ለዘብ አሉ። ጎኑ ጨርሶ አልተወውም፣ ግን ይችለዋል። ከምሳ በኋላ አሁንም ትንሽ ይከብደዋል፤ ያን ጊዜ ምላጭ አይነካም፣ በሩ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። አስተማሪውም አንድ ቀን ሳይታሰብ ስለ ልጁ ጀመረ፤ ጋሼ መቀስ መቀሱን አቁሞ እስከ መጨረሻው ሰማው።

አንድ ቀን ባለቤቱ ልብስ እያጠፈች ጠየቀችው።

«ብትሰማው ኖሮስ? ራስህን ትነቀንቅለት ነበር?»

ጋሼ መቀስ አንድ ሸሚዝ አንስቶ አጠፈ።

«እንጃ» አላት።

እሷም ከዚያ በላይ አልገፋችውም።

እሱ ግን ነገሩን አልተወውም። ደንበኛ ሳይኖር ሲቀር ወንድሙ ግማሹን ሄዶ የቀረበትን ያንን መንገድ በሐሳቡ ይሄደዋል። መኪናዋ ተበላሽታ ይሆን? ሰው ገጭቶ ይሆን? ወይስ የእናቱን ፊት ለማየት ልቡ ከድቶት፣ መንገድ ዳር አቁሞ ተቀምጦ ቀርቶ? ወይስ ሌላ፣ ለሰው የማይነገር ምክንያት ነበረው? አንዱን ያነሳና ወንድሙ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲነግረው ያስበዋል፤ ከዚያ ራሱን ይጠይቃል፣ ይህንን ይቅር እለው ነበር? መኪናዋ ብትሆን ኖሮ ያኔውኑ ይቅር ይለው ነበር። ፍርሃት ከነበረ ያንገራግራል፤ እናቱ «መጣ?» ሲሉ ይሰማዋል፣ ቀናትም ይፈጅበታል፤ ግን በመጨረሻ ይሆንለታል። አንድ ሁለቱ ላይ ግን እስካሁን አልሆነለትም። እነሱን ለሌላ ቀን ያስተላልፋቸውና ደንበኛ ሲገባ ጨርቁን አራግፎ ይነሳል።